የአንድ ወረቀት ክፍተት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

አልፈርምም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈው። የአባባን ሞተር ለኮሌጃችሁ የምንሰጥበትን ቅጽም፣ ሞተሩ ላይ ይለጠፋል ያልከውን ጽሑፍም አነበብኩ። «ዟሪ የእንፋሎት ሞተር። ከጥንት ንድፍ ተወስዶ በእጅ የተሠራ። በንድፉ ጉድለት ምክንያት ሠርቶ አያውቅም። ለተማሪዎች የስህተት ምሳሌ።» ጽሑፍህ ድሮም ጥሩ ነው። ከአንተ ስም ቀጥሎ እኔ እንድፈርም ባዶ ቦታ ትተህልኛል። ክፍተት መተው መቻልህ ገረመኝ። ያኔ አልቻልክም ነበር።

ተናድጄ የጻፍኩት እንዳይመስልህ። ተናድጄ የጻፍኩት ሌላ ነበር፤ ቀድጄ ጣልኩት። ይህንን የምጽፈው የቀን ሥራዬን ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከብረት መቅረጫው ቶርኖ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ ከአባባ ደብተር የወጣ ነው። ለምን እንደሆነ ስትጨርስ ይገባሃል።

አንተ ለተማሪዎችህ ያንን ሞተር እንዴት እንደምታስረዳ አላውቅም። አባባ ለኔ ያስረዳኝ ከዚያ ሽፋን ከሌለው መጽሐፍ ነበር፤ ከአሮጌ ብረት ጋር በኪሎ ከገዛው። ሥዕሉን በአውራ ጣቱ እየጠቆመ «ፒስተንን ተመልከቻት» አለኝ። «ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ ትቆማለች። እኛ የምንፈልገው መዞር ነው። መዞር የሚፈልግ ሰው ለምን ወዲያ ወዲህ ይላል?»

አንተ ከብረት ማሰሪያው ሞርሳ አጠገብ ሆነህ «እኔን ነው?» አልክ።

«አንተማ ቆመህ ነው የምትውለው» አለህ። ሦስታችንም ሳቅን።

ነገሩ ቀላል ነበር። ክብ የብረት ቤት፤ ውስጡ ከሱ ያነሰ የናስ ከበሮ። ከበሮው መሐል ላይ አልተቀመጠም። ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ በዙሪያው የሚቀረው ባዶ ቦታ በአንድ በኩል ቀጭን፣ በሌላው ሰፊ ነው፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ። ከበሮው ላይ አራት ስንጥቅ፣ በየስንጥቁ አንድ ምላስ፣ ከየምላሱ ሥር ሞላ። ከበሮው ሲዞር ምላሶቹ ግድግዳውን እየላሱ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እንፋሎቱ በቀጭኑ በኩል ይገባና ከፊቱ ያገኘውን ምላስ ይገፋል። ቦታው እየሰፋ ሲሄድ እሱም እየሰፋ ይከተላል። ጉልበቱን ሲጨርስ በሌላው ቀዳዳ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ ምላስ ደርሷል። ወዲያ ወዲህ የለም። ዙር ብቻ።

መጽሐፉ ውስጥ ያሉት የድሮ ሰዎች የተቸገሩት በአንድ ነገር ነው። እንፋሎት ቀዳዳ ይወዳል። በምላሱ ጫፍ ያመልጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በከበሮውና በሁለቱ የጎን ክዳኖች መሐል ያመልጣል። ይህንን የሚያፍነው የሠራተኛው እጅ ብቻ ነው። አባባ ለዚህ ነው የክዳኖቹንና የከበሮውን ፊት ላንተ የሰጠው። ያንተን እጅ የሚያህል እጅ በአካባቢያችን አልነበረም። ፊቱን ሰማያዊ ቀለም ቀብተህ ትገጥማለህ፣ ታላቅቃለህ፣ ቀለም የነካውን ጉብታ በመፋቂያ ትፍቃለህ፣ እንደገና ትገጥማለህ። ሃያ ስድስት ቀን እንዲህ ስትል ከአጠገብህ አልጠፋሁም። ቀናሁብህም፣ ኮራሁብህም።

በመጨረሻው ቀን አባባ ከደብተሩ ሁለት ወረቀት ገንጥሎ ሰጠህ።

«ናስ ከብረት ይበልጥ ያብጣል» አለ። «ከበሮው እንፋሎት ውስጥ ነው የሚውለው፤ ቤቱን ግን ውጭ ነፋስ ያገኘዋል። በዚህ በኩል የአንድ ወረቀት ክፍተት፣ በዚያ በኩል የአንድ ወረቀት ክፍተት ትተዋለህ። ሲቀዘቅዝ ያፍስስ። ሲሞቅ ራሱ ይዘጋዋል።»

«አባባ፣ አንድ ወረቀት እኮ ብዙ ነው። ድመት ታልፍበታለች።»

«ድመቷ ትለፍ። አንተ ብቻ በወረቀቱ ለካ።»

እሱ ወደ ቦይለሩ ሄደ። አንተ የብረት ማስመሪያውን በከበሮውና በቤቱ ፊት ላይ አጋድመህ ወደ መስኮቱ አዞርከው። «ነይ፣ ነይ እዪ» አልከኝ። «ብርሃን እንኳን አያልፍም!» አየሁ። አያልፍም። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ የሻይ ብርጭቆህን አስቀምጠህባቸዋል። እነሱንም አየሁ። እኔም ሰው ነኝ፤ ይህን የመሰለ ሥራ በመፋቂያ እንድታበላሸው ልነግርህ አልፈለግኩም። ክዳኑን ገጠምክ፤ ብሎኑን አጠበቅክ።

በማግስቱ ጠዋት አባባ «በወረቀቱ ለክተሃል?» ሲልህ «አዎ አባባ» አልክ። ወደኔ አልዞርክም። እሱም እኔን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ምን እል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

የቀረውን አብረን አይተናል፤ አንተ ግን የረሳኸው ስለሚመስለኝ እጽፈዋለሁ። ሞተሩን የሞከርንበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት ክራቫት አድርጎ መጣ። ሴቶቹ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ተሰለፉ፤ አለቃቸው እትዬ ሳሙና ከፊት። አባባ ቫልቩን ቀስ አድርጎ ከፈተ፤ የመጀመሪያው ውሃ ተፍቶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ከሞተሩ ወደ በርሜሉ የተዘረጋው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተንቀሳቀሰ። የማጠቢያው በርሜል ዞረ። አንድ። ሁለት። ከዚያ ያ ጥርስ የሚያሳክክ ጩኸት። ሞተሩ ደርቆ ቀረ፤ ቺንጋው ዘሎ የሳሙና ውሃውን ባልዲ ባለቤቱ ጫማ ላይ ደፋው።

«ሁለት ዙር ብቻ?» አለች እትዬ ሳሙና። «የኔ ባል እንኳን ሰክሮ ሦስት ይዞራል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቱ ጫማውን አየ። «በኤሌክትሪክ ይሁን» ብሎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ስም አልነበረውም። ዳቦ ቤትም ሁለት ዙር፣ አውቶቡስ ሰልፍም ሁለት ዙር። ቀብሩ ላይ እንኳን አንዱ «የሞተው ማን ነው?» ሲል ሌላው «ሁለት ዙር ነዋ» ሲል ከኋላዬ ሰምቻለሁ። አንተ ከፊት ነበርክ። ሳትሰማ ቀርተህ ይሆናል።

ያልነበርክበትን ደግሞ ልንገርህ። ሞተሩ በቆመ በአምስተኛው ቀን፣ አንተ ለኮሌጁ ፈተና ለመመዝገብ በሄድክበት ቀን፣ አባባ ክዳኑን ፈታ። ወረቀት ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም። ከራሱ ላይ አንድ ጸጉር ነቅሎ ሞከረ። እሱም አልገባም።

«አባባ፣ እኔ...» አልኩ።

«ዝም በይ። ልጁ ፈተና አለበት።»

«ሰው ሁሉ እኮ ጥፋተኛ የሚለው አንተን ነው።»

«ይበሉኛ። እኔ ከዚህ ወዴት እሄዳለሁ? እሱ ገና ብዙ ይሄዳል። ሆድ ይፍጀው።»

ክዳኑን መልሶ ገጠመና ሸራ አለበሰው። አሥራ ሰባት ዓመት በሕይወት ቆየ፤ አልነካውም። ለምን አላስተካከለውም ትል ይሆናል። ካስተካከለው ይዞራላ። ከዞረ ደግሞ «ያኔ ምን ነክቶት ነበር?» ይባላል።

አላውቅም ነበር አትበለኝ። ብረት ሲሞቅ እንደሚያብጥ ኮሌጅ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ነው የሚማሩት። አንተ ደግሞ ስታስተምረው አሥራ አራት ዓመትህ ነው። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ስትጽፈው ምን ትዝ ይልህ ነበር? የአባባን ዝምታ ችዬዋለሁ፤ የራሱ ነው። ያንተንም ችዬው ነበር። ዝምታህን በጽሑፍ አድርገህ ሞተሩ ላይ ልትለጥፈው ስትል ግን አልቻልኩም።

ደብዳቤህ በደረሰኝ በነጋታው ሸራውን ገፈፍኩት። የተቀባው ግራሶ ከዝገት አድኖታል። ሁለት ሞላ ቀየርኩ፤ የተሰበረውን ምላስ አዲስ አወጣሁለት። ከዚያ መፋቂያ አነሳሁና የከበሮውን ሁለት ፊት መፋቅ ጀመርኩ። ያንተ ሥራ እዚያው እንዳለ ነበር፤ እንደ መስታወት። እሱን ማበላሸት ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፤ እጄ እያዘነ። ወረቀት አስገብቼ ስስበው ትንሽ ያዝ አድርጎ መውጣት ሲጀምር አቆምኩ። በዚህ በኩል አንድ፣ በዚያ በኩል አንድ።

ቅዳሜ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ወሰድኩት። አሁን የባለቤቱ ልጅ ናት የምታስተዳድረው፤ ለመተኮሻው ቦይለር አላት። እትዬ ሳሙናን አስጠራኋት። አርጅታለች፤ ምላሷ ግን አላረጀም።

«አንቺ የሁለት ዙር ልጅ! ደግሞ ልታስቂን ነው?»

«አዎ እትዬ። እርስዎ ይቁጠሩልኝ።»

ቫልቩን ከፈትኩ። ሞተሩ በሁለቱም ጎን እንፋሎት ተፋ፤ እንደ አስም በሽተኛ አቃሰተ።

«ኧረ ያፈሳል!» አለች።

«ያፍስስ» አልኩ። ስለው የአባባ ድምፅ ከአፌ የወጣ መሰለኝ፤ ደነገጥኩ።

እየሞቀ ሲሄድ ማፍሰሱ ቀነሰ፤ ከዚያ ጭራሽ የሌለ ያህል ሆነ። ቺንጋውን አለበስኩት። በርሜሉ ተነሳ። «አንድ!» ብላ ጮኸች። «ሁለት!» ስትል ለመሳቅ የተዘጋጁትን ዞር ብላ አየቻቸው። «ሦስት» ያለችው ግን ለራሷ ነው። አራትን አልቆጠረችም። አርባ ደቂቃ ዞረ፣ እርጥብ አንሶላ ተሸክሞ። ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

እትዬ ሳሙና በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች «ያን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «አሁን ምን ይሻላል?»

«ያዩትን ለጠየቀዎት ይንገሩ።»

«ካልጠየቁኝስ?»

«እሱ እንኳን አግዶዎት አያውቅም» አልኳት። እየተነጫነጨች ተነስታ ወጣች። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

የማልደብቅህ ነገር አለ። እንፋሎት ይበላል። ሌላው ማሽን በአንድ እጅ እንፋሎት የሚሠራውን ይህ በሦስት እጅ ነው የሚሠራው። የባለቤቱ ልጅ ውሃ መለኪያውን እያየች ራሷን ስትነቀንቅ ነበር፤ ልክ ናት። አባባ ዓለምን የሚለውጥ ነገር አልሠራም። «ሆዳም ነው» ብለህ ጻፍ፤ ዛሬውኑ እፈርማለሁ። «ሠርቶ አያውቅም» ብለህ ግን አትጽፍም።

ሐሙስ የምትልከው መኪና ይምጣ። ሞተሩ ይመጣል፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ እመጣለሁ። ትምህርት ክፍላችሁ ቦይለር እንዳለው አውቃለሁ። ተማሪዎችህን ሰብስብ፣ እናስነሳው። ሲዞር አንዱ «ታዲያ ያኔ ለምን ቆመ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ ቫልቩ ላይ ነኝ፤ እጄ ሥራ ይዟል። የምትመልሰው አንተ ነህ። ዝም ካልክ እኔ እመልሳለሁ፤ ልጁ አልለካም፣ እህቱም አይታ ዝም አለች እላለሁ። ሁለቱንም እላለሁ። ዝም በይ ያለኝ ሰው አሁን የለም፤ አንተም ፈተናህን ካለፍክ ቆየህ።

ቅጹ ሳይፈረም አብሮ ተመልሶልሃል። ደብዳቤው ሁለት ወረቀት ነው፤ ፊትና ጀርባውን በደቃቁ የሞላሁት ሌላ ወረቀት አጥቼ አይደለም። ሁለቱ ራሳቸው ናቸው። አባባ ከጠረጴዛው አንስቶ ደብተሩ ውስጥ መልሷቸው ነበር፤ ዘንድሮ የለካሁት በነሱ ነው። የዘይቱ እድፍ ከኔ እጅ ነው። ሁለተኛው ጥግ ላይ ያለው ቡናማ ክብ ግን የኔ አይደለም፤ የሻይ ብርጭቆህ ነው።

አንብበህ ስትጨርስ አትጣላቸው። ሐሙስ ይዘሃቸው ና።

እህትህ፣
የሁለት ዙር ልጅ