ቃር ነው ያልኩህ

ድሬዳዋ
ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለምወድህ ኒቆዲሞስ፣

የጅቡቲ ወደብ እንዴት ይዞሃል? ክሬን ላይ ተሰቅለህ ስለምትውል ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ የቀረብከው አንተ ነህ፤ ስለ ድሬ ሙቀት ላማርርልህ አልደፍርም። እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ሆስፒታል ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። አትደንግጥ፤ ሚስትህም በሆዷ ያለው ልጅህም በሕይወት አሉ። ቀስ ብለህ አንብብ።

እፀገነት "ጋሼ፣ በስልክ እንዳትነግረው፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል" ብላ በወንድሜ አጽም አስምላኛለች። ማልኩ። ስለ ደብዳቤ ግን ያነሳችው ነገር የለም፤ እኔም አላስታወስኳትም።

ባለፈው ወር ከአንድ የነርስ ተማሪ የገዛሁትን አሮጌ መጽሐፍ ይዤ ስለ ፕሮጄስትሮን የሰበክሁህን አትረሳውም። ይህ ሆርሞን ማህፀን ያለ ጊዜው እንዳይኮማተር ጡንቻውን ያዝናናል። ግን ማህፀንን ብቻ ለይቶ አያውቅም፤ ጨጓራውንም አንጀቱንም አብሮ ያዝናናል። ምግቡ እንደኛ ዘመን የዕቃ ባቡር በየጣቢያው እየቆመ ይጓዛል፤ ሆድ ይነፋል፣ ይደርቃል። የጨጓራ አፍ መዝጊያም ይላላና አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ቃር ማለት ይኸው ነው። ይህን አሁንም ዶክተሯን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ልክ ነበርኩ።

ችግሩም ልክ መሆኔ ነበር። ጎረቤታችን ሃዎ "ቃር የበዛባት ፀጉራም ልጅ ትወልዳለች" ስትል ሳቅኩባት። እፀገነትን "ጥቂት ጥቂት ብዪ፣ ከበላሽ በኋላ ቶሎ አትተኚ፣ ትራስሽን ከፍ አድርጊ" አልኳት፤ ተሻላት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሆዷ የምትጠይቀው እኔን ሆነ። "ዶክተር ጋሼ" ትለኝ ነበር። ለቀልድ ነው የምትለው፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እጇን ከቀኝ ጎድኗ ሥር አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ቃሩ ዛሬ ቦታ ቀየረ" አለችኝ።

"የት ሊሄድ ነው? ሻንጣ እንኳ የለው።"

"ራሴንም ያመኛል።"

"ሙቀቱ ነው። በግንቦት ድሬ ላይ ራሱን የማያመው ማን አለ?"

ሳቀች። ኒቆ፣ ድካሜ ከዚያ ሳቅ ይጀምራል። እያመማት ነው የሳቀችልኝ።

ማክሰኞ ደውለህ "ልምጣ እንዴ?" ስትል፣ "ለቃር ብለህ ፈቃድህን አታባክን፣ ለወሊዱ አስቀምጠው" ያልኩህ እኔ ነኝ። እሷ ያኔ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር።

ረቡዕ ሃዎ የግመል ወተት ይዛላት መጣች። ገና በሩ ላይ እንዳለች ቆመች።

"አቦ! የዚች ልጅ ፊት ምን ሆኖ ነው?"

"ሆርሞን ነው፤ ውሃ ይይዛል" አልኩ።

"ወላሂ፣ ወልደ ማርያም፣ አንተ የምታየው መጽሐፉን ነው። ልጅቷን እያት!"

አየኋት። ዐይኖቿ አብጠው ሊከደኑ ደርሰዋል። "ጋሼ፣ ከትናንት ጀምሮ ዐይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል" አለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ "ትቀልድብኛለህ ብዬ" አለችኝ። ሃዎ ባጃጅ አስቁማ ስትመለስ እኔ ገና እዚያው ቆሜ ነበር።

የእርግዝና የደም ግፊት ነው። ጉበቷን መንካት ጀምሯል፤ ከጎድኗ ሥር ሲያማት የነበረው እሱ ነው። ዶክተሯ "አንድ ቀን ብትቆዩ ኖሮ" ብላ ጀመረችና ተወችው። ገና ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት እየወሰደች ነው፤ ለልጁ ሳንባም መርፌ ተወግታለች። ከረጋላት ሁለት ሳምንት ሊያቆዩት ይሞክራሉ። ካልረጋ ግን ዛሬም ይሁን ነገ በቀዶ ጥገና ያወጡታል። ዛሬ ጠዋት ትንሽ ወርዷል።

መጽሐፉን ትናንት ገለጥኩት። ከቃሩ ምዕራፍ በኋላ አሥራ አንድ ገጽ አልፎ ሁሉም ተጽፏል፦ የጎድን ሥር ሕመሙ፣ ራስ ምታቱ፣ ብልጭታው። እዚያ ድረስ አላነበብኩም። ቃሩ ላይ ስደርስ ዐዋቂ ሆኜ ነበር።

ጠዋት ስገባ "ጋሼ፣ ዛሬ ቀልድ የለም እንዴ?" አለችኝ። "የት ጋ ነው የሚያምሽ?" አልኳት። ይህን ያህል ወር አብረን ስንኖር ስነግራት እንጂ ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነው። ብዙ አወራችኝ፤ እስክትጨርስ ሰማኋት። በመጨረሻ "ኒቆ ቢኖር ኖሮ" አለችና ፊቷን አዞረች።

ደብዳቤውን በከባድ መኪናው የሚያደርስልህ የሃዎ ወንድም ሳላሕ ነው። ጭነቱን አራግፎ ወዲያው ይመለሳል። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ማንንም እንዳያስቀምጥ ነግሬዋለሁ። ፈቃድህን ለወሊዱ አስቀምጠው ያልኩህን እርሳው። ና።

አምላክ መንገድህን ያሳጥርልህ። ሁለቱንም በሰላም ያቆይልህ። ለእኔም የሚያይ ዐይን ይስጠኝ።

አጎትህ
ወልደ ማርያም

ስትደርስ "ማን ነገረህ?" ማለቷ አይቀርም። በስልክ አለመሆኑን መስክርልኝ፤ የማልኩት በአባትህ አጽም ነው።