ቢጫዋ መርፌ

ሰኞ
ጋሽ ሽብሩ እንደ ልማዳቸው እጄን መረቁት፤ ደስ አለኝ። ጋሽ ሽብሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ፒያሳ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ እንኳ ክሊኒካችን እኔ ጋ ለመወጋት ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። እዚያ አጠገባቸው ክሊኒክ ጠፍቶ አይደለም። «የነሱ መርፌ ያማል እንጂ አያድንም» ይላሉ። ዛሬም ወገባቸውን ይዘው ገቡ፣ ቀጥ ብለው ወጡ። ሱሪያቸው ሰፍቷቸው ወገቡ ጋ እንዲጠብ ሰፍተውታል። «ሁዳዴ ነው ልጄ፤ ሥጋ ሲጠፋ ሰውም ይጠፋል» ብለው አሳቁኝ።

መርፌዋ ቫይታሚን ናት። ቢጫ። ለወገብ የምትሠራው ነገር የለም። እሳቸው አያውቁም።

ማክሰኞ
ዶክተርን ሞገትኩት። ክሊኒኩ የሱ ነው፤ ቢጫዋን የሚያዘውም እሱ።

«የዚህች ብልቃጥ ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል። ራጅ ምናምን ብዬ ብልካቸው የወር ገቢያቸው ይሄዳል፤ የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 'ምንም የለም' ነው። በዚህ ዋጋ ሕመም የሚያስታግስ ሌላ ነገር ካለሽ አምጪ» አለኝ።

የሚያናድደው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። በኛ ሰፈር መርፌ ያልተወጋ ሰው ታከምኩ አይልም። ኪኒን ይዞ ከሄደ አኩርፎ ነው።

ረቡዕ
ጋሽ ሽብሩ ሳይጠበቁ መጡ። ድሮ መርፌዋ ሳምንቱን ሙሉ ትይዛቸው ነበር። ቀበቷቸውን ሲፈቱ ሱሪውን ደግሜ አየሁት። የማጥበቢያው ስፌት አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። የአንዱ ክር አዲስ ነው፤ የሌላው ታጥቦ ታጥቦ ነጥቷል።

«ጋሼ፣ ይሄኛውን መቼ ነው ያጠበቡት?»

«እሱማ የጥምቀት ሰሞን ነው። ለበዓሉ ልለብሰው ስል ወረደብኛ!»

ክው አልኩ። በጥምቀት ምን ጾም አለ? ሰው ሥጋ የሚበላበት ጊዜ ነው። እኔ ግን «ጾሙ ነው» እያልኩ ስወጋ ከረምኩ። ነርስ ነኝ ባይ!

ራጅ ሳይነሱ አልወጋዎትም አልኳቸው። የሚያድነኝ ያንቺ እጅ ነው፣ ራጅ ምን ያደርግልኛል አሉ። ያኔ ነገርኳቸው። ቫይታሚን ነው፣ ለወገብ አይሆንም፣ አታልለንዎታል። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሱሪያቸውን ታጠቁ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ቀጥ ብዬ የሄድኩት በምን ነበር?»

አላውቅም። አለቀስኩ። ይኸኔ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ራጁን እሺ አሉ።

ሐሙስ
ዶክተር ጮኸብኝ። በሽተኛ ፊት አዋረድሽኝ አለ። እኔም አልተመለስኩለትም፤ ርካሽ ያልከው ነገር ጊዜያቸውን በላባቸው አልኩት። በሩን ዘግቶ ገባ። ከሰዓት በኋላ ግን ራሱ ራጅ ቤት ያለው ወዳጁ ጋ ደውሎ በቅናሽ እንዲያነሷቸው ለመነ። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

ዓርብ
ፊልሙ መጣ። ዶክተር ወደ መብራቱ ይዞት ብዙ ቆየ። ዕጢ ይመስላል አለ፤ ከፕሮስቴት ተነስቶ አጥንታቸው ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። ሆስፒታል ያረጋግጡት ብሎ ሪፈር ጻፈ፣ ደህና ማስታገሻም አዘዘ። ለጋሽ ሽብሩም ቁጭ ብሎ ራሱ ነገራቸው።

እሳቸው ሲወጡ «ቀደም ብንል ኖሮስ?» አልኩት።

«ምናልባት» አለ፤ ፊቱን አዞረ።

ብልቃጧማ ከማኪያቶ ታንሳለች። የዚህችን «ምናልባት» ዋጋ ማን ያስላ?

ቅዳሜ
አይመጡም ብዬ ነበር። መጡ። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ሰኞ ነው። ማስታገሻውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፤ በሰዓቱ እየወሰዱ ነው። ከዚያ አልጋው ላይ ወጡ።

«በይ፣ ቢጫዋን ውጊኝ።»

«ጋሼ፣ ቫይታሚን ናት አልኩዎት እኮ።»

«ሰምቻለሁ፤ አልደነቆርኩም። እጅሽ ግን ያው ነው።»

ወጋኋቸው። እንደ ወትሮው መርቀውኝ ተነሱ፣ እስከ በሩ ድረስም ቀጥ ብለው ሄዱ። ደስ ሊለኝ ሲል በመስኮት አየሁ። ውጭ ግድግዳውን ይዘው ጎብጠው ቆመዋል፤ ብዙ ቆዩ።

ለኔ ብለው ነው ቀጥ ያሉት። በፊትም እንደዚህ ነበር እንዴ? በዚያ መስኮት አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።

ለሰኞ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሆስፒታል አብሬያቸው እሄዳለሁ።