ኦሊያድን በየግማሽ ሰዓቱ ለሚያስነሱልን ለወንዳታ ቲቪ ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የቀድሞው የወንዳታ ቲቪ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ልጆችዎን በየዕለቱ በዐይነ ሥጋ እያዩ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባዬ እባላለሁ፤ በካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር የኢትዮጵያውያን እድር ጸሐፊ ነኝ። ለወጣት ወንዶች ተብሎ የተከፈተው ጣቢያዎ በሰባተኛ ወሩ ቢዘጋም ከቤታችን ግን ገና ስላልወጣ፣ ምስጋናችንን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. በቅድሚያ ልጆቻችንን ወንድነት ስላስተማሩልን እናመሰግናለን። ከዚያ በፊት ወንድነት ማለት ዐማራት ሰፈር ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ ውሎ ለእናት ዳቦ ይዞ መግባት ይመስለን ነበር። "ወንድ ከሆንክ የበረሃ መንገድህን ቀርጸህ ላክልን" የሚለው ውድድርዎ ከስሕተታችን አወጣን። የወይዘሮ ዝናሽ አንድ ልጅ ኦሊያድም ጥሪዎን አክብሮ የሊቢያን መንገድ ጀመረ። ከጭነት መኪናው ላይ እጁን እያውለበለበ "ያላ፣ እንሂድ ወንዳታዎች!" ሲል የተቀረጸበትን ምስል ላከልዎ፤ እርስዎም ወደዱትና የጣቢያው ማስታወቂያ አደረጉት።

፪. ጣቢያው ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ሲበተን፣ ያንን ማስታወቂያ የሚያጠፋ አንድ ሰው እንኳ ባለመመደብዎ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ይኸው እስከ ዛሬ ሌላ ምንም በማይታይበት ጣቢያ ኦሊያድ በየግማሽ ሰዓቱ ብቅ ይላል። አብሮት የተጓዘው ሰማኸኝ ተመልሶ በገዛ እጁ አሸዋ ውስጥ እንደቀበረው ከነገረን ግን አራት ወር ሆኗል።

፫. እንደ ወጋችን መርዶ ልንነግር ሦስት ሰዎች ሆነን ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ ዝናሽ ቤት ሄድን፤ የለቅሶውን ድንኳን የጫነው ባለሦስት እግር ሪክሻ ጥግ ላይ ይጠብቀናል። ለወትሮው በዚያ ሰዓት ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው በሯ ላይ ያየች እናት ሳይነገራት ይገባታል። እሳቸው ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍተውት አያውቁም፤ ገና አፌን ስከፍት ልጁ ከስክሪኑ ላይ ሳቀብን። "ተፈደሉ፣ ግቡ፣ ልጄን እያያችሁ ሻይ ጠጡ፤ ኢንሻአላህ ሰሞኑን ይደውላል" አሉን። ጠጣን። ክቡር ሆይ፣ መርዶ ይዘን ገብተን ሻይ ጠጥተን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለቱንም ጊዜ ልጁ ቀድሞን ተገኝቷል። እኔም አሁን አሁን ሱቅ ስገባ ቴሌቪዥን ከተከፈተ ፊቴን አዞራለሁ፤ ልዋሽዎ አልችልም፣ እፈራዋለሁ።

ስለዚህ ማስታወቂያውን እንዲያጠፉልን በትሕትና እንለምናለን። ይህን ስጽፍ ለእናቱ የቀራቸውን ፊት አጥፉባቸው እያልኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጁ ሞቶ ሳይለቀስለት፣ እናቱም ደጅ ደጁን እያዩ ሊያረጁ ነው።

ለሥራዎ ፍሬ ቃል አጥቼ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ባዬ፣ የእድሩ ጸሐፊ
ካርቱም፣ ጥር ፳፻፲፬ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ዝናሽ ለእርስዎ እንደምጽፍ ሰምተው፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳይጠይቁ አንድ ነገር ጨምርልኝ አሉኝ፤ "ከንፈሩ ደርቋል፤ ለአለቃው ልጄን ውሃ አጠጣልኝ በልልኝ" ብለዋል። ሰማኸኝ ልጁ በውሃ ጥም እንደሞተ የነገረው ለእኛ ለሦስታችን ብቻ ነው። እኔ ቃላቸውን እንዳለ ጽፌ ወጥቻለሁ፤ ክቡርነትዎ ግን ወንድ ነዎትና መርዶውን መጥተው ይንገሯቸው።