ኮከብ ስንቆጥር የመጣው ጎርፍ

ከሚሴ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውብዬ፣ ትናንት ማታ ከጓደኛዬ ከዓፊያ ጋር ከእናቷ ቤት ወደ ከተማ ስንመለስ መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ ከጉልበት አያልፍም ነበር። ልንሻገር ጫማችንን ስናወልቅ፣ በኦሮምኛዋ «ኢላሊ!» አለችና «ሰማዩን እይ!» ብላ ያዘችኝ። ኮከብ እየተከታተለ ይወረወራል! እዚያ ደብረ ማርቆስ ሰማዩ በነሐሴ ደመና ብቻ አይደል? እዚህ ጥርት ብሏል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሠላሳ ያህል እንደቆጠርን ወንዙ አጓራ። ለካ ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሯል፤ ጎርፉ ዛፍ እየነቀለ በፊታችን አለፈ፣ ጫማችንንም ወሰደው። ዓፊያ «ያ ረቢ! ባንቆም ኖሮ መሀሉ ላይ ነበርን እኮ!» ብላ አቀፈችኝ። እያለቀስን ተመልሰን እናቷ ቤት አደርን።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእማዬ ግን የኮከቡን ብቻ ንገሪያት።

ምንትዋብ