ጠርሙስ የሚለቀምበት ማሳ

ይድረስ ለወንድምዓለም ለአንዱአምላክ ይሻው፤ ሎጊያ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? የቆላው ንዳድ እንዴት አድርጎሃል? ወባው ለቀቀህ ወይ? ወገብህስ እንዴት ሆነ? ግንበኛን ወገቡን ካመመው ምን ቀረው እያልኩ እፈራለሁ። እህል ውሃው ይስማማሃል? ሌሊቱስ ትንሽ ይነፍሳል ወይስ እንደ ቀኑ ነው? እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት አለን። አለን ስልህ በልተን እናድራለን፣ ተነሥተን እንሄዳለን ማለቴ ነው፤ ሌላውን ከታች ታነበዋለህ። ኔትወርኩ ከጠፋ ሰነባብቷል፤ ቢኖርም ይህ በስልክ የሚወራ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤውን ዕቃ ሊያመጣ ወደ እናንተ ለሚወርደው ለነጋዴው ለኸድር ሰጥቼዋለሁ። ታማኝ ነው፤ ከእጁ ወደ እጅህ ያደርሰዋል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። አባባ እንደምጽፍልህ ያውቃሉ። ጻፊለት ያሉኝ ግን ሌላ ነው። ማሳው ደህና ነው፣ ገብሱም አምሯል፣ ከጥምቀት በኋላ መጥተህ መሬትህን ተረከብ በይው ነው ያሉኝ። ከቤት በታች ያለውን፣ ላንተ ብለው ያስቀመጡትን ማሳ ማለታቸው ነው። አንተም ኔትወርክ በነበረ ጊዜ እመጣለሁ፣ ቤት ሠርቼ አርሳለሁ ብለህ ነግረሃቸዋል። እኔ ደግሞ እውነቱን ካልነገርኩህ ሆዴ አይችለውም። ታውቀኛለህ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሴን ማሰር አልሆነልኝም።

ነገሩ የተጀመረው ማዳበሪያ የጠፋ ዓመት ነው። ገበሬው ሁሉ ግራ ገብቶት ሲቀመጥ የከተማውን ቆሻሻ የሚሰበስበው የጽዳት ማህበር ኮምፖስት አለን፣ በነጻ ውሰዱ ብሎ አስነገረ። የቆየውን የቆሻሻ ክምር ንደው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ጥቁር አፈር አውጥተው ነበር። አባባ ሄዱ፤ ዘግነው አሸተቱት፣ በመዳፋቸው አሹት፣ “ይኸማ የጓሮ ጉድፍ ነው እኮ” ብለው እየተደሰቱ መጡ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው! በአህያ ሲያመላልሱ ሰነበቱ።

እኔ አልፈርድባቸውም። ጉድፍ ሲደፋበት የኖረ መሬት ምን ዓይነት እህል እንደሚያበቅል አንተም ታውቃለህ። የእኛ ጉድፍ አመድ ነው፣ እበት ነው፣ ገለባ ነው፤ ሁለት ክረምት ካለፈበት አፈር ሆኖ ይገኛል። አባባ የከተማውም እንደዚያ መሰላቸው። በእኛ ቤት ጠርሙስ ቢገኝ ጋዝ ይያዝበታል፣ አረቄ ይቀዳበታል፣ ሰው መጥቶ ይዋሰዋል፤ ማን ይጥለዋል? ሰው ጠርሙስ ሰብሮ ከአመድ ጋር ይደፋል ብለው እንዴት ይገምቱ?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ሰው ይሸሽግ ነበር። ያን ጊዜ የጻፍኩልህን ታስታውሳለህ፤ ጥጋቤ ከፊደሌ ሳይቀር ይታይ ነበር። ጎረቤታችን አስናቀ እንኳ፣ የሰው ማሳ አይቶ አመስግኖ የማያውቀው፣ “አያ ይሻው፣ መሬትዎን ምን አበሉት?” ብሎ ጠየቃቸው። አባባም ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያወሩ ከረሙ።

በዓመቱ ድንች ተከልንበት። ድንቹ ሲደርስ ደቦ ጠራን፤ ድንች ደግሞ አፈሩን በእጅ እየማሱ ነው የሚፈለገው። የአስናቀ ሚስት ንብረት እጇን ከታ ስትፈልግ ድንገት ጮኸች። ስታወጣው የሐኪም መርፌ መዳፏ ላይ ተሰክቷል። ከዚያ ሁሉም ከፊቱ ያለውን አፈር ጫር ጫር ሲያደርግ ጠርሙስ፣ ምላጭ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የአምፖል ስብርባሪ ወጣ። ለካ ገብሱ ሸፍኖት ኖሯል። ሰው ድንቹን እንዳለ ትቶ ተነሣ፤ ጠላው እንኳ አልተቀመሰም። ንብረትን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ደሟን አይተው ደህና ነሽ፣ ግን ከወራት በኋላ ተመለሺ አሏት። ተመልሳም ደህና ሆና ተገኘች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አስናቀ ግን እዚያ ማሳ እግሬ አይረግጥም ብሎ ማለ። ማን ይፈርድበታል?

እኔ ነገሩ አንገብግቦኝ ከተማ ወደ ማህበሩ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ፈንታሁን የሚባል ሰው ነው። ልጣላው ተዘጋጅቼ ሄጄ ነበር፤ እሱ ግን አልተከራከረኝም። አፈሩን የነፉበትን ወንፊት አውጥቶ አሳየኝ። የአልጋ ሽቦ ነው፤ ቀዳዳው አውራ ጣት ያሳልፋል። ያለን ይኸው ነበር፣ ለገበሬው የጠቀምን መስሎን ነው አለኝ፤ ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር። እንግዲያው አባቴ ከማሳው የለቀሙትን ጠርሙስ መጥታችሁ ጫኑልን አልኩት። አይሆንም፣ መኪናው የሚዞረው ለከተማው ነዋሪ ብቻ ነው፤ እናንተ የገጠር ቀበሌ ናችሁ አለ። “ቆሻሻው ወደኛ ሲመጣ ቀበሌ አልተጠየቀም፤ ሲመለስ ነው መታወቂያ የሚጠየቀው?” አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። መኪናው ግን አልመጣም።

በመኪናው ፈንታ ሥራ ሰጠኝ። ድንቹ ከመሬት ሳይወጣ ስለቀረ ቤታችን ባዶ ነበርና ያዝኩት። አሁን ሰደርያ ለብሼ ከደጅ ደጅ ቆሻሻ እሰበስባለሁ። ሳልደብቅህ፣ ሌላም ሐሳብ ነበረኝ፤ ጠርሙሱን ከምንጩ ባስቀረው ሌላ ገበሬ እንደኛ አይሆንም ብዬ ነበር። በየቤቱ እየቆምኩ ጠርሙስና መርፌውን ለብቻ አድርጉልኝ፣ ሃይላንዱንም ለብቻ እያልኩ ለመንኩ። አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ፤ ብዙው ግን ሰማኝ። የኸድር እናት ፋጡማ ደግሞ የተሰበረውን ሁሉ በወተት ቆርቆሮ አጠራቅማ፣ በጨርቅ አስራ፣ “እጅሽን እንዳይቆርጥሽ” እያለች ነው የምታቀብለኝ። ያን ሰሞን እውነትም ሰው ሆንኩ ብዬ ነበር።

ከዚያ ከከተማው የሰበሰብነውን የሚጭነው የማህበሩ መኪና መጣ። ሹፌሩ የለየሁትንም ያለየሁትንም ጆንያ አንስቶ አንድ ላይ ገለበጠው። ምነው ስለው፣ የት ልውሰደው አለኝ። እውነቱን ነው። ሃይላንዱን ይገዙ የነበሩት ከባድ መኪናዎች መንገዱ ከተዘጋጋ ወዲህ አይመጡም፤ ክምሩ ከመጋዘኑ ጣሪያ ደርሶ ነፋስ በመጣ ቁጥር ወደ ወንዝ ይበተናል። የተሰበረ ጠርሙስ ደግሞ ድሮም ገዢ ኖሮት አያውቅም። እኔ ከየደጁ ለይቼ የማመጣው ተመልሶ ከዚያው ክምር ይገባል። ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ደግሞ ጥቁር ሆኖ አንድ ሌላ አባት ዘግኖ ያሸተዋል። ለፋጡማ ይህን አልነገርኳትም። ቆርቆሮዋን ስታቀብለኝ ተቀብዬ አመሰግናታለሁ፤ መንገድ ላይ ግን አንዳንዴ እንባዬ ይመጣል።

አባባ በጋውን ሙሉ ሲለቅሙ ከረሙ። ከሥራ ስመለስ በጉልበታቸው ተንበርክከው አገኛቸዋለሁ። የለቀሙትን ከማሳው ዳር እንደ ካብ ከምረውታል። ገደል እንጣለው ስላቸው፣ ከታች የሰው ልጅ ውሃ ይቀዳል ብለው ተቆጡኝ። ጨረስኩት ባሉ ማግስት ዝናብ ይመጣና ሌላ ያወጣል። እጃቸውን ብታየው አታውቀውም። ሌባ ጣታቸው አይታጠፍም።

ሰኔ ላይ፣ ገብሱ ሊዘራ ሲል፣ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ሰው ዳር ቆሞ ሳለ በረባሷቸውን አወለቁ። ሐሳባቸው ገባኝና ተው አባባ አልኩ፤ ዞር ብለውም አላዩኝ። የለሰለሰውን እርሻ ከዳር እስከ ዳር በባዶ እግራቸው ሄዱበት። መሐል ላይ ትንሽ ቆም አሉ፤ ከዚያ ቀጠሉ። ሲመለሱ እየሳቁ “አያችሁ? ልጅ ይድህበታል” አሉ። የግራ እግራቸው ዱካ ግን ደም ነበር። ሁሉም አየ። አስናቀ መሬት መሬት እያየ “እሺ አያ ይሻው፣ ለአጨዳው እንመጣለን” አለ። ሌላውም እሺ እሺ እያለ ተበተነ። ቁስሉ ከላይ ቢደርቅም ውስጡ እስከ ዛሬ አልዳነም፤ እያነከሱ ነው የሚሄዱት። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ይታጠቡት ብላቸው፣ ማሳውን ለማን ትቼ አሉ።

ደቦው የተጠራው ሚካኤል ካለፈ በኋላ ባለው ሰኞ ነበር። ጾም የገባበት ቀን ስለሆነ ሽሮውንም ምስሩንም በዘይት ሠራሁ፤ ዳቦ ደፋሁ፤ ጠላውም ደርሶ ነበር። አባባ ማጭዶቹን ስለው ደጃፍ ላይ ደረደሩ። ፀሐይ ወጣች፤ ሰው የለም። አንዱ ጥጃ ጠፋብኝ ብሎ ላከ። አንዱ ለቅሶ አለብኝ አለ፤ ማን እንደሞተ ግን አልተናገረም። አንዱ ደግሞ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው አለ፤ ሚካኤል ካለፈ ሦስት ቀኑ! ባልቆጣ ኖሮ እስቅ ነበር። ንብረት ብቻ ከባሏ ተደብቃ ማጭዷን ይዛ መጣች። አባባ ግን ከበር መለሷት። “አንቺማ አትገቢም፣ ልጆች አሉሽ” አሏት። ማሳው እንዳልጸዳ እሳቸውም እንደሚያውቁት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ምግቡንና ጠላውን ለቤተ ክርስቲያን ነዳያን ውሰጂው አሉኝ። ስመለስ ብቻቸውን ጎንበስ ብለው ያጭዱ ነበር። አብሬያቸው ገባሁ፤ ሁለት ሰው ምን ያህል ያጭዳል? የቀረው ቆሞ እየረገፈ ነው። ካወቁት ታዲያ ለምን ይደክማሉ አልኳቸው። ለእኔ ቢሆንማ ትቼው ነበር፤ ልጄ ሲመጣ በባዶ እግሩ የሚሄድበትን መሬት ነው የማስረክበው አሉ።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። አንተ ትመጣለህ እስካሉ ድረስ መልቀሙን አይተዉም። እጃቸው እያለቀ ነው፤ እግራቸውን እፈራዋለሁ። አፈር ስሆን፣ አልመጣም ብለህ ጻፍላቸው። እዚሁ ትዳር ይዣለሁ በል፣ ጥሩ ሥራ አግኝቻለሁ በል፣ መሬቱንም አልፈልገውም በል። እንደሚቀየሙህ አውቃለሁ። ሳይታረቁህ ሊሞቱም ይችላሉ፤ ይህንንም አስቤዋለሁ። አንተም በዚያ ንዳድ ድንጋይ ስትሸከም የኖርከው ይህንን መሬት እያሰብክ እንደሆነ አልጠፋኝም። እኔስ ብሆን ወንድሜ መጥቶ ከጎኔ ይቆማል እያልኩ አይደል የማድረው? ያም ሆኖ ሌላ የሚያስቆማቸው ነገር አጣሁ። ፈንታሁንን ለምኛለሁ፣ ጎረቤቱን ለምኛለሁ፣ ታቦቱንም ለምኛለሁ። የቀረኸኝ አንተ ነህ።

ልጄ ሃና ሰላም ብላሃለች፤ አድጋለች፣ መልክህን ግን የምታውቀው በፎቶ ነው። አክስታችን ትእዛዝ ጣራ ገዳም ተሳልማ መጣች፤ ስመ ክርስትናህን ለአባቶች ሰጥቻለሁ፣ በጸሎት አስበውሃል ትልሃለች። ንብረት በአጥር በኩል ሰላም በይልኝ አለችኝ፤ አስናቀም ቢያፍር ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ፋጡማ ደግሞ ልጄ ኸድር እዚያ እንግዳ እንዳይሆን፣ የሚበላበትን ቤት ያሳየው ብላሃለች። በሬው ዳልቻ ደህና ነው፤ ሰኮናው ላይ ገብቶበት የነበረውን አውጥተንለታል።

አባባ እደጃፍ ተቀምጠው እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረዋል። አሁን ጻፍሽለት ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ጽፌያለሁ አልኳቸው። ታዲያ መቼ ይመጣል አሉ። ከአፌ ሌላ ቃል አልወጣ ብሎኝ ከጥምቀት በኋላ አልኳቸው። እንግዲያማ ጊዜ የለኝም፣ የላይኛው ዳር ገና ነው ብለው እጃቸውን ጠረጉና የጠርሙስ መልቀሚያ ቅርጫታቸውን አንሥተው ወደ ማሳው ወረዱ።

እህትህ ሸጊቱ ይሻው

ደብረ ታቦር፣ ከጋፋት ማዶ
ህዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.