በፈረንሳይኛ ያልኩት

ለዛቫንሼ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አበልጄ፤

እንደምን ሰነበታችሁልኝ? ወገብህን ተሻለህ? ቪዲኮን ቤታችሁ በሰላም ገባችሁ? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ ሱቁም እግዜር ይመስገን ገበያ አላጣም። ደህና ያልሆንኩት እኔው ነኝ።

ለከተማችን ምክር ቤት የተመረጥኩ ለት ስደግስ፣ አንተን ከፊት ወንበር ያስቀመጥኩህ ላከብርህ ብዬ ነበር። ንግግሬን ስጨርስ ሰው ሁሉ ሲነሳ አንተም ተነስተህ አጨበጨብክልኝ። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! አንተ የምትሰማው በእናንተ በኩል የሚነገረውን ጀርመንኛ፤ እኔ በዚህ በኛ አገር ፈረንሳይኛ ያወራሁት ደግሞ ያንተን የደዴሳ እስር። ከ97 ምርጫ በኋላ በጭነት መኪና ታጭቀህ መሄድህን፣ መላጨትህን፣ ጫማህን ለታመመ ሰው ሰጥተህ በባዶ እግርህ መመለስህን፣ አንድም ሳላስቀር "እኔ" እያልኩ ተናገርኩት። አጠገብህ ያለችው ሴትዮ ያለቀሰችው ለዚያ ነው። ስደተኛው ነጋዴ በሽሮው የተመረጠ መስሎህ ነበር?

መጀመሪያ የተናገርኩት ጥገኝነት ስጠይቅ ነው። እንዳይመልሱኝ ፈራሁ፤ የራሴ ታሪክ ደግሞ ለወሬ እንኳ አይበቃም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር እየደገምኩት፣ አፈር ልብላና፣ የሰጠሁት ጫማ ትዝ እስኪለኝ ደረስኩ።

ባቡር ጣቢያ ስሸኛችሁ፣ ምን ብለህ ነው እንዲያ ያስለቀስካቸው አልከኝ። አመሰገንኳቸው አልኩህ። ባለቤቴ ታየች ክርስትና ያነሳቻት ልጅህ ናኒ ግን በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ትማራለች። ልስማት ጎንበስ ስል ጉንጯን ነሳችኝ። አንተም አየሃት፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ያንኑ ጥያቄ ደገምክልኝ። እኔም ያንኑ መለስኩልህ።

ለመኖሪያ ፈቃድህ ጠበቃህ ሁለት ዓመት ሙሉ ምስክርነት ሲለምነኝ፣ ሱቁ ጊዜ ነሳኝ ያልኩት ውሸቴን ነው። ይኸው አሁን ጽፌ፣ ፈርሜበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ሲወስዱህ በአክስቴ በለተሚካኤል መስኮት ማየቴን፣ ከዚያም ወር ሙሉ ከጓዳዋ አለመውጣቴን ጽፌያለሁ። ይህ ወረቀት ሲነበብ ምን እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ ታየችም ታውቃለች።

እግዜር ጤናህን ይመልስልህ፣ ልጅህን ለቁም ነገር ያብቃልህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ አንጀትህን አውቀዋለሁና፣ አዝነህልኝ ወረቀቱን እንዳትቀደው።

አሁንም ከፈቀድክልኝ፣
አበልጅህ