ደረጃው ላይ ጉሮሮህን ስትጠርግ

ውድ ተሼዬ፣

እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ መልሱን ማን ያመጣልኛል። እኛ ደህና ነን። ሙት ዓመትህ ካለፈ ጥቂት ሳምንታት ሆኑት። የሰፈራችን የገላን ጭቃ ደርቆ ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ መጫወት ጀምረዋል። ደረጃችን ግን አልቀነሰልኝም፤ አራተኛ ፎቅ ስደርስ ዛሬም ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼዋለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንተ መቼ ትዘጋ ነበር? ክረምት በገባ ቁጥር ተማሪዎችህን ሰብስበህ ታመጣና የሳሎኔን መጋረጃ ነቅለህ መኝታ ቤቱ በር ላይ ትሰቅለዋለህ። የድራማ መምህር ያገባች ሴት በሳሎኗ አታዝም መቼም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጆቹ ዝም ይላሉ፤ አንተ ደግሞ ያኔ ነው ደስ የሚልህ። ዝናቡን ያላለፈ ድምፅ አዳራሽ ውስጥ አይሰማም እያልክ ታስጮሃቸዋለህ። ከታች ያሉት ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈች መጀመሪያ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይመቱ ነበር። በኋላ ራሳቸው የተጠበሰ በቆሎ ይዘው እየወጡ ተመልካች ሆኑ። ያ ምሽት፣ ያ የሻይ ሙቀት በጣም ይናፍቀኛል።

አንተ «ጀምሩ» ብለህ አታውቅም። ከመጋረጃው ጀርባ ቆመህ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፣ እነሱም ይጀምራሉ። ለእኔም ያው ነህ። በር አታንኳኳም፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ጉሮሮህን ስትጠርግ እሰማና እከፍትልሃለሁ።

የመጨረሻውን ቴአትርህን ልምምዱ ሳያልቅ ነው ጥለኸን የሄድከው። አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የምትኖር ልጅ ርቆ የሄደ አባቷን ስትጠብቅ የሚያሳየውን ማለቴ ነው። ባለፈው ሐምሌ ልጅቷን ሆና የምትሠራው ብርቱካን ከጓደኞቿ ጋር በዝናብ ርሳ ደጄ ላይ ቆመች። «እትዬ አልማዝ፣ ቲቸር የጀመሩትን እንጨርሰው። ሳሎኑን ብቻ ይፍቀዱልን» አለችኝ። ሻይ ጣድኩና መጋረጃዬን በገዛ እጄ ነቀልኩ።

ሁሉም ጥሩ ሄደ፤ መጨረሻው ላይ ግን ተገተረ። አባትየው ደጅ ሲደርስ ብርቱካን «አባዬ፣ መጣህ?» ማለት አለባት። አንተ የጻፍከው በር ይንኳኳል ይላል። እነሱ ግን ልምምድ ላይ በበሩ ፈንታ ታሰማቸው የነበረውን ያንተን ጉሮሮ መጥረግ የቴአትሩ ክፍል ነው ብለው ይዘውታል። በር ሲንኳኳ ብርቱካን ዝም ትላለች። ወንዶቹ ተራ በተራ ጉሮሯቸውን ጠረጉላት፤ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ለትምህርት መክፈቻው ካልደረሰ በሌላ ዝግጅት እንተካዋለን ብለዋል። የመጨረሻ ሥራህ ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

የትምህርት መክፈቻው ቀን ደረሰና ብርቱካን እንደምንም እለዋለሁ ብላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጣች። እኔ ልብሳቸውን ታቅፌ ልጆቹ ወስደው እዚያ ከሰቀሉት ከሳሎኔ መጋረጃ ጀርባ ቆሜያለሁ። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ በሩ ተንኳኳ። ብርቱካን ዝም አለች። በመጋረጃው ጠርዝ አንገቷን ደፍታ አየኋት።

ተሼ፣ አስቤበት አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ከበሩ ጀርባ ስሰማው የኖርኩትን፣ መጀመሪያ ረዘም፣ ቀጥሎ አጠር አድርጌ፣ ልክ እንዳንተ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ብርቱካን ቀና አለች።

«አባዬ፣ መጣህ?»

እንኳን አዳራሹ፣ የክረምቱ ዝናብም ቢሆን ያን ድምፅ አይሸፍነውም ነበር። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔ የልጆቹን ልብስ ፊቴ ላይ ይዤ ተንሰቀሰቅኩ። ምነው ኖረህ ባየሃቸው።

መጋረጃውን አጥቤ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ክረምት ሲመጣ ልጆቹ ይመጣሉ፤ ያኔ እንደገና እነቅለዋለሁ፣ ቃሌ ነው። እኔም አዲስ አመል አውጥቻለሁ። ከሥራ ስመለስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም እልና ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። የሚከፍትልኝ እንደሌለ አጥቼው አይደለም። ትናንት እትዬ አሰለፈች ሰምተው በራቸውን ከፈቱና አዩኝ። እጄን ይዘው እስከ ቤቴ አደረሱኝ።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይህ ደረጃ መምጣትህን አይረሳም።

በሩን የምከፍትልህ፣
አልማዝ